ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ክኒን ፈጭቶ መስጠት ችግር አለው?

ጥያቄ፦ እናቴ 74 ዓመቷ ነው። ክኒን መዋጥ ስለሚያስቸግራት የደም ግፊት መድኃኒቷን ፈጭቼ፣ የጨጓራዋን ካፕሱል ደግሞ ከፍቼ ውስጡ ያለውን አድቅቄ በውሃ በጥብጬ እሰጣታለሁ። ባለፈው ሳምንት መድኃኒቱን ከወሰደች ከአንድ ሰዓት በኋላ ራሷን አዙሯት ልትወድቅ ነበር። ያጠፋሁት ነገር ይኖር ይሆን? ለመሆኑ አንዱ መድኃኒት በክኒን፣ ሌላው በሽሮፕ ወይም በመርፌ የሚዘጋጀው ለምንድን ነው? ሁሉም በመርፌ ቢሰጥ አይሻልም?

መልስ፦ ከማብራሪያው በፊት አንድ ነገር ላስቀድም። የትኛው ክኒን እንደሚፈጭና የትኛው እንደማይፈጭ እስኪያረጋግጡ ድረስ መፍጨቱን ያቁሙ፤ የግፊት መድኃኒትን በድንገት ማቋረጥም የራሱ አደጋ ስላለው፣ ማሸጊያዎቹን ይዘው ዛሬውኑ ሐኪማቸውን ወይም ፋርማሲስቱን ያማክሩ። እናትዎ ራሳቸውን ከሳቱ ወይም ደረታቸውን ካመማቸው ግን ሳይዘገዩ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷቸው።

የመድኃኒቱን ስም ስላልጻፉልኝ ለማዞሩ ምክንያት የሆነው እሱ ነው ብዬ መደምደም አልችልም፤ በዚህ ዕድሜ ራስን የሚያዞሩ ነገሮች ብዙ ናቸው። ይሁን እንጂ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። አንዳንድ የግፊት ክኒኖች፣ ለምሳሌ ለረጅም ሰዓት እንዲሠራ ሆኖ የተዘጋጀው ኒፈዲፒን፣ መድኃኒቱን በ12 ወይም በ24 ሰዓት ውስጥ ቀስ በቀስ እንዲለቁ ተደርገው የተሠሩ ናቸው። እንዲህ ያለው ክኒን ሲፈጭ ለቀኑ ሙሉ የታሰበው መጠን በአንድ ጊዜ ወደ ደም ስለሚገባ ግፊቱ በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል። ከስሙ ቀጥሎ «ኤስ አር»፣ «ኤክስ አር» ወይም «ኢ አር» የሚሉ ፊደላት ካዩ ክኒኑ ከዚህ ወገን ነው፤ ምልክቱ የሌለበት ሁሉ ግን ይፈጫል ማለት አይደለም። በሌላ በኩል አምሎዲፒን ቀኑን ሙሉ የሚሠራው በክኒኑ አሠራር ሳይሆን በራሱ በመድኃኒቱ ባሕርይ ስለሆነ፣ መዋጥ ለሚያቅታቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ በውሃ ተበጥብጦ ሊሰጥ ይችላል።

የጨጓራው ካፕሱል ኦሜፕራዞል ከሆነ ችግሩ የተገላቢጦሽ ነው። ኦሜፕራዞል በጨጓራ አሲድ ስለሚበላሽ በካፕሱሉ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ፍሬዎች እያንዳንዳቸው ከአሲድ በሚከላከል ሽፋን ተለብጠዋል። ስለዚህ ጥፋቱ ካፕሱሉን መክፈት ሳይሆን ፍሬዎቹን ማድቀቅ ነው፤ ሲደቁ መድኃኒቱ አንጀት ሳይደርስ ይበላሻል፣ እናትዎም የወሰዱት እየመሰላቸው ሳይታከሙ ይቀራሉ። ፋርማሲስቱ ከፈቀደ ፍሬዎቹን ለስላሳና ኮምጠጥ ባለ ምግብ ላይ ነስንሶ ሳያኝኩ ወዲያው መዋጥ ይቻላል።

መርፌን በተመለከተ፣ ብዙ ሰው እንደ እርስዎ «መርፌ ያልተወጋ አልታከመም» ብሎ ስለሚያምን ይህን ጥያቄ በየጊዜው እሰማለሁ። ኢንሱሊን በመርፌ የሚሰጠው ከክኒን ስለሚበልጥ ሳይሆን፣ ፕሮቲን በመሆኑ ቢዋጥ እንደ ምግብ ስለሚፈጭ ነው። በሽተኛው ሲያስመልሰው፣ ራሱን ሲስት ወይም መድኃኒቱ በደቂቃዎች ውስጥ መሥራት ሲኖርበትም ብዙ ጊዜ መርፌ ያስፈልጋል። ከዚህ ውጭ ግን እንደ ሜትሮኒዳዞል ያሉ መድኃኒቶች ተውጠው ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ወደ ደም ስለሚገቡ፣ መዋጥ ለሚችል ሰው መርፌው የሚጨምርለት ሕመምንና የኢንፌክሽን ዕድልን ነው። ከዚህም በላይ አንዴ የተወጋ መድኃኒት ተመልሶ አይወጣም።

መድኃኒት በምን መልክ እንደሚዘጋጅ የሚወስነው በየት በኩል ገብቶ የት መድረስ እንዳለበት ነው። ይህን ከሁሉ በተሻለ የሚያሳየው የአስም መድኃኒቱ ሳልቡታሞል ይመስለኛል። አንድ የሳልቡታሞል ክኒን 2 ወይም 4 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ በአፍ የሚሳበው ግን በአንድ ጊዜ የሚሰጠው በአብዛኛው 100 ማይክሮ ግራም ነው፤ ባለ 4 ሚሊ ግራሙ ክኒን የዚህን 40 እጥፍ ይይዛል ማለት ነው። የሚሳበው በቀጥታ ሳንባ ስለሚደርስ በጥቂት መጠን ቶሎ ይሠራል፣ የልብ ትርታና የእጅ መንቀጥቀጥም ይቀንሳል። «ኃይለኛ ነው፣ ሱስ ያስይዛል» ብለው የሚሸሹት ሰዎች የሚሸሹት ትንሹን መጠን ነው። ለልብ ሕመም ከምላስ ሥር የሚቀመጠው ናይትሮግሊሰሪንም እንዲሁ ነው፤ ቢዋጥ አብዛኛው በጉበት ስለሚሰባበር ከምላስ ሥር በቀጥታ ወደ ደም እንዲገባ ይደረጋል።

ለእናትዎ ምናልባት መልሱ ሽሮፕ ወይም በውሃ የሚሟሟ ክኒን ሊሆን ስለሚችል፣ የሚወስዷቸው መድኃኒቶች በዚህ መልክ መኖራቸውን ይጠይቁ። ሽሮፕ ከታዘዘ፣ የቤት ማንኪያዎች መጠናቸው ስለሚለያይ አብሮ በሚመጣው መለኪያ ይስጧቸው፤ «ከመወሰዱ በፊት ይናጥ» የሚል ከተጻፈበትም በደንብ ይናጡት፤ ካልተናጠ መጀመሪያ ላይ የሳሳ፣ መጨረሻ ላይ የበዛ መድኃኒት ይጠጣሉ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ሐኪማቸው ሊያውቅ የሚገባው ሌላ ነገር አለ። እናትዎ መዋጥ የሚቸግራቸው ክኒን ብቻ ነው ወይስ ምግብና ውሃም ጭምር? ሲጠጡ ትን የሚላቸው፣ ምግብ ደረታቸው ላይ የሚቆምባቸው ወይም ክብደታቸው የቀነሰ ከሆነ፣ መመርመር ያለበት መዋጥ ያቃታቸው ምክንያት ራሱ ነው።