«አብሽር» ለራስም ይባላል

ልጆቼ፣

ወሎ ውስጥ የተከፋ ሰው አይቶ ዝም ብሎ የሚያልፍ የለም። ፈተና የወደቀም፣ ሱቁ የከሰረበትም፣ ከእጮኛዋ የተለያየችም የሚሰሙት ቃል አንድ ነው፤ «አብሽር»፣ «አብሽሪ»። ይህን ቃል ለጎረቤቱ የማይነፍግ ወጣት ማታ ሲጋደም ለራሱ የሚለው ግን ሌላ ነው፤ «አንተ ደደብ፣ ድሮም አትረባም»። የምጽፍላችሁ ስለዚህ አድልዎ ነው። ለራስ መራራት እንለዋለን። እንደ ማንኛውም ሙያ በልምምድ የሚያዝ ነገር ነው።

በመጀመሪያ ከሆድ መባስ እንለየው። ሆድ የባሰው ሰው «እንደ እኔ የተበደለ የለም» ብሎ ከሰው ይነጠላል። ለራሱ የሚራራ ደግሞ «ይህ ሰው ላይ የሚደርስ ነገር ነው» ብሎ ከሰው ጋር ይቆማል። ክሪስቲን ኔፍ የተባለችው አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ2003 እ.ኤ.አ. ነገሩን በሦስት ክፍል አስቀምጣዋለች፤ ሕመሙን ሳያጋንኑም ሳይክዱም ማየት፣ ችግሩ የሰው ሁሉ መሆኑን ማስታወስ፣ ለራስ በደግነት መናገር። አንዱ ከጎደለ ይበላሻል። ደግነቱ ብቻውን ከቀረ ማባበል ነው፤ ሕመሙን ማየቱ ብቻውን ከቀረ ደግሞ ቁስል መነካካት።

ብዙዎቻችሁ የምትዘሉት ሁለተኛውን ነው። የ12ኛ ክፍልን ፈተና ውሰዱ። በ2015 ዓ.ም. ከተፈተኑት ውስጥ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት 3.3። ከ100 ተማሪ 97ቱ ደደብ ነው የሚል ሰው ካለ ሒሳቡን እንደገና ይሥራ። በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ደብተሩን ጥሎ የሸሸ ልጅማ ውጤቱን የራሱ ስንፍና ብቻ አድርጎ መቁጠሩ እውነትም አይደለም። ይህን ማወቅ ውጤቱን አይለውጠውም። «እኔ ብቻ» የሚለውን ሐሳብ ግን ያስወግዳል፤ ከውድቀቱ ይልቅ ሰውን አልጋ ላይ የሚያስቀረው ደግሞ እሱ ነው።

«ራሴን ካልገረፍኩ እሰንፋለሁ» የሚል ፍርሃት አለ። ካናዳ ውስጥ 119 የአንደኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የተጠኑበት ሥራ በ2010 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ለመጀመሪያው ፈተና ጥናታቸውን ሲያዘገዩ ቆይተው ራሳቸውን ይቅር ያሉት፣ ለሁለተኛው ሲዘጋጁ ማዘግየታቸውን ቀንሰው ተገኙ። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። ስድቡ ደብተሩ ላይ ይለጠፋል፤ ደብተሩን ባያችሁ ቁጥር ኀፍረቱ ይመጣል፤ ከኀፍረቱ ለማምለጥ ስልኩ ይነሳል።

ወደ ሥራው እንግባ። በመጀመሪያው ሳምንት ምንም ለመለወጥ አትሞክሩ። ትንሽ ደብተር ያዙና ራሳችሁን የሰደባችሁበትን ሰዓት፣ ከዚያ በፊት ምን እንደሆነና ያላችሁትን ቃል በቃል ጻፉ። በቀን 3 ጊዜ ይበቃል። «ራሴን ወቀስኩ» ብሎ መጻፍ አይጠቅምም፤ ያላችሁት «አንቺ እኮ ሸክም ነሽ» ከሆነ እሱኑ አስፍሩት። ሳምንቱ ሲያልቅ አብዛኛውን ጊዜ የምታዩት ስድቦቹ ጥቂት መሆናቸውንና እየተመላለሱ መምጣታቸውን ነው። ብዙ ጊዜም የእናንተ ድምፅ አይደለም፤ የታላቅ ወንድም፣ የአባት ወይም የአንድ መምህር ነው። ሰዓቱንም አስተውሉ። የሚቅም ሰው ምርቃናው ሲወርድ ድብርትና እንቅልፍ ማጣት ይመጣበታል፤ በዚያ ሰዓት በራሱ ላይ የሚፈርደው ፍርድ የጫቱ ነው። ጠዋት እንደገና ያንብበው።

በሁለተኛው ሳምንት በቀን አንድ ጊዜ 3 ደቂቃ ጨምሩ። እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አድርጋችሁ አየር ወደ ውስጥ ስትስቡ እስከ 4፣ ስታስወጡ እስከ 6 ቁጠሩ። አንዱ ትንፋሽ 10 ሰከንድ ይወስዳል፣ በደቂቃ 6 ይሆናል። የመጀመሪያው ደቂቃ ትንፋሽ ብቻ ነው። ከዚያ ሦስቱን ነገሮች በሹክሹክታ፣ በስማችሁ እየጠራችሁ ተናገሩ፤ «አብሽር ሰይድ። ዛሬ ከብዶሃል። እንዲህ የከበደው አንተን ብቻ አይደለም። ነገ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ አንድ ምዕራፍ ታነባለህ።» በስም መጥራቱ ቀልድ አይምሰላችሁ፤ ከራስ ትንሽ ራቅ አድርጎ፣ ጓደኛን እንደሚያናግሩት ያናግራል። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ሁልጊዜ የሚሠራ ትንሽ ነገር ይሁን፤ እሱ ከቀረ ልምምዱ የመተኛ ሰበብ ይሆናል። እንዳይረሳ ከለመዳችሁት ነገር ጋር እሰሩት፤ ከሶላት ወይም ከጸሎት በኋላ፣ አለዚያም አቦል ተጠጥቶ ቶና እስኪደርስ።

የሚበላሸው የት ነው? አንደኛ፣ ውሸት ሲገባበት። «አንተ ጎበዝ ነህ፣ ሁሉም ይሳካልሃል» ስትሉት ውስጣችሁ አይቀበለውም፤ ይልቁንም ይከራከራል። «ከብዶሃል» ግን የሚከራከሩት ነገር አይደለም። ሁለተኛ፣ በትልቁ ቁስል ሲጀመር። ሕመሙን ከ10 ስጡትና በ3 ጀምሩ፤ ታክሲ ላይ የተናገራችሁት የሚያሳፍር ቃል፣ ሳትመልሱ የቀራችሁት ስልክ። የሞተ ዘመድ ወይም በጦርነቱ ያያችሁት ነገር 9 እና 10 ነው፤ እሱ ብቻችሁን የምትነኩት አይደለም።

ሦስተኛው ሰውን ያስደነግጣል። ለራሳችሁ በደግነት መናገር ስትጀምሩ እንባና ንዴት ሊመጣ ይችላል። የደሴ ብርድ ያደነዘዘውን እጅ ምድጃ ላይ ስታሞቁት እንዴት እንደሚቆጠቁጥ ታውቃላችሁ፤ የሚያመው ሕይወት እየተመለሰበት ስለሆነ ነው። እጁን ግን እሳት ውስጥ አትከቱትም። በዚያን ጊዜ ቃላቱን ተዉና እግራችሁ መሬቱን ሲረግጥ ይሰማችሁ፣ ወይም ተነስታችሁ ዕቃ እጠቡ። በማግስቱ በ1 ደቂቃ ቀጥሉ።

ድብርቱ፣ እንቅልፍ ወይም ምግብ ማጣቱ፣ የምትወዱትን ነገር መጥላቱ 2 ሳምንት ከሞላው ግን ይህ ልምምድ ብቻውን አይበቃም። የመሞት ሐሳብ ከመጣ ደግሞ ሁለት ሳምንት አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ለአንድ ሰው በግልጽ ንገሩና አብሯችሁ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይሂድ። ዱዓም ጸበልም አትተዉ፤ ከታዘዘ መድኃኒት ጋር ይሄዳሉ፣ መድኃኒቱን ማቋረጥ ነው የሚጎዳው። ስትሄዱ ያችን ደብተር ያዙ። ባለሙያው ከሚጠይቃችሁ ብዙው፣ መቼ እንደሚብስ፣ ከምን በኋላ እንደሚመጣ፣ ለራሳችሁ ምን እንደምትሉ፣ እዚያ ላይ ተጽፎ ያገኘዋል።