ሻጩን ከመቀየርሽ በፊት ቀኑ የት እንደጠፋ እዪ

እህቴ ጥያቄሽን አየሁት። ከቱርክ ያዘዝሽው የማሸጊያ ማሽን መለዋወጫ በአምስት ሳምንት ይደርሳል ተብሎ ሦስት ወር አልፎታል፣ «ሻጩን ትቼ ወደ ቻይና ልዙር ወይ?» ነው ያልሽው። እኔ ማተሚያ ቤት ውስጥ ግዥ ላይ ነው የምሠራው። ይኸው ነገር በ2016 ደርሶብኛል፣ ስለዚህ ትንሽ ላርዝመው።

ጥር ላይ ከቱርኩ መርሲን ወደብ አንድ ኮንቴይነር አስጫንን። ወረቀት፣ ቀለም፣ ፕሌት (የሚታተመው ነገር የተቀረጸበት ስስ ብረት)፣ ብላንኬት፣ ሁሉም አንድ ላይ። መጋቢት ገብቶ ለደብተር ሥራ ይደርሳል ብለን ነው። የአየር ጭነት ውድ ስለሆነ ቀላሉንም ዕቃ እዚያው ጨመርነው።

የየመን ሁቲዎች ኅዳር ላይ ቀይ ባሕር ውስጥ መርከቦችን ማጥቃት ጀምረው ነበር። ታኅሣሥ ላይ እነ ሜርስክና ኤምኤስሲ የመሳሰሉ ትልልቅ የመርከብ ድርጅቶች መስመሩን ትተው በደቡብ አፍሪካ ጫፍ መዞር ጀመሩ። ዜናውን ሰምተናል፣ ግን የቻይናና የአውሮፓ ንግድ ጣጣ አድርገን ነው የወሰድነው። ከቱርክ የሚመጣ ዕቃ እኮ ስዊዝን አልፎ፣ ቀይ ባሕርን ቁልቁል ወርዶ፣ ባብ ኤል መንደብ የሚባለውን የቀይ ባሕር ጠባብ መውጫ ካልተሻገረ ጅቡቲ አይደርስም። ልዙር ካለ ደግሞ በጅብራልታር ወጥቶ አፍሪካን ሙሉ መዞር ነው። የኛ ኮንቴይነር መሸጋገሪያ ወደብ ላይ ተራገፈና ወደ ጅቡቲ የሚወስደው መርከብ ጠፍቶ አምስት ሳምንት እዚያው ተቀመጠ። ሻጩ ምን ያድርግ? በቀኑ ጭኗል፣ ሰነዱንም በቀኑ ልኳል።

ሥራ ያስቆመን ግን ወረቀቱ አይደለም። ወረቀት ዋጋው ቢያምም መርካቶ ተገኘ። ያስቆመን ብላንኬቱ ነው። ብላንኬት ማለት ሲሊንደሩ ላይ የሚጠቀለለው ጎማ ነው፣ ቀለሙን ከፕሌቱ ተቀብሎ ወረቀቱ ላይ የሚያሳርፈው። የታጠፈ ወረቀት ካለፈበት ይሰረጉዳል፣ ከዚያ በኋላ በዚያች ቦታ ጽሑፉ ደብዝዞ ይወጣል። ኦፕሬተሩ ጎማውን ፈትቶ፣ የተሰረጎደችዋን ቦታ ከጀርባዋ በስስ ወረቀትና በሙጫ ከፍ አድርጎ፣ መልሶ አስሮ ያትማል። ሌላ ቦታ ይሰረጉዳል፣ እንደገና ይፈታል። ሁለት ሳምንት እንዲህ ሄድንና አንዱ ማሽን ቆመ። ተጠቅልሎ ሻንጣ ውስጥ ሊገባ የሚችል ጎማ ከስንት ቶን ወረቀት ጋር ወደብ ላይ ተቀምጦ! ንዴቱ እስካሁን አልወጣልኝም።

ስለዚህ ዕቃሽን በዋጋ ወይም በክብደት አትከፋፍዪው። «ይኼ ቢጠፋ ማሽን ይቆማል ወይ?» ብለሽ ነው መለየት ያለብሽ። የሚያቆመውን፣ ቀላል ከሆነ፣ በአየር አስመጪው፤ መጋዘንሽ ውስጥም ሁልጊዜ ትርፍ ይኑርሽ። እኛ አሁን የሦስት ወር ብላንኬት ሳይኖረን አናድርም።

ወደ ቻይና ስለመዞር። ከቻይና የሚመጣ መርከብ በሕንድ ውቅያኖስ አድርጎ በኤደን ባሕረ ሰላጤ ስለሚገባ ባብ ኤል መንደብን ሳያልፍ ጅቡቲ ይደርሳል፣ ይኼ እውነት ነው። ግን መርከቦቹ ረጅሙን መንገድ ሲይዙ ዓለም ላይ ትርፍ መርከብና ባዶ ኮንቴይነር ስለሚያንስ የዚያኛውም መስመር ኪራይ አብሮ ይወጣል። በዚያ ላይ አዲስ ሻጭ ማለት ለማሽንሽ ልክ መሆኑን ያላየሽው ዕቃ ማለት ነው። ሁለተኛ ሻጭ ያዢ፣ በትንሽ ትዕዛዝ ሞክሪው። የመጀመሪያውን ግን አትጣዪ።

አሁን ዋናው ነገር። ዕቃው ከገባ በኋላ ቁጭ ብለን ያን ትዕዛዝ ቀን በቀን ጻፍነው። ፕሮፎርማውን (የሻጩን የዋጋ ማቅረቢያ) የያዝነው መስከረም መጨረሻ ነው፣ ኤልሲው (ባንክ ለሻጩ ክፍያ ዋስትና የሚሰጥበት ሰነድ) የተከፈተው ጥር! ሦስት ሳምንቱ የራሳችን ፊርማ ጥበቃ ነበር፣ ቀሪው የባንክ ወረፋ። ጥቅምት ላይ ተጭኖ ቢሆን ኖሮ ገና ጥቃቱ ሳይጀመር ያልፍ ነበር። እኛ ግን ስንማረር የከረምነው በመርከቡ ነው። አንቺም መጀመሪያ ይኼን ጻፊው፣ ከፕሮፎርማ እስከ መጋዘንሽ በር።

ዕቃሽ ተጭኖ ከሆነ የኮንቴይነር ቁጥሩንና የሚሸጋገርበትን ወደብ ጠይቂና በመርከብ ድርጅቱ ድረ ገጽ ራስሽ ተከታተዪው። ሰነዱን ቀድመሽ ለትራንዚተርሽ (ጉምሩኩን ለሚያስጨርስልሽ ሰው) ስጪ፣ ኮንቴይነሩ ወደብ ላይ ያለ ክፍያ የሚቆይበት ነፃ ቀን ካለቀ ዲመሬጅ (የመዘግየት ክፍያ) ይቆጥርብሻል። ገና ካልተጫነ ደግሞ ኤልሲው ላይ ያለውን የመጨረሻ የመጫኛ ቀን ዛሬውኑ እዪ፣ ሳያልፍ ባንክ ሄደሽ አስራዝሚ። ቀሪ ክፍያ በዶላር ካለብሽም አስቢበት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላሩ ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ያኔ ዕቃው የዘገየበትና ያልከፈለ ሰው እንዴት እንደተጎዳ በዓይኔ አይቻለሁ።

ተጭኗል አልተጫነም የሚለውን አልጻፍሽም። እሱንና የኤልሲውን ቀን እዚሁ ጨምሪልኝ፣ ማታ ገብቼ አየዋለሁ።