ሪቬት ብቻ ወይስ ሲሊኮንም? በቮልስ ሻሲ ላይ ላሜራ ለሚገጥመው ወንድማችን

ሰላም ወንድሜ። ደብረ ብርሃን ላይ በቮልስ ሻሲ ባለ ሁለት ወንበር መኪና እየሠራህ፣ 1 ሚሊ አሉሚኒየሙን በቱቦላሬው (በብረት ቱቦው አጽም) ላይ በሪቬት፣ ማለትም ጭራው ሲጎተት ጨምቆ በሚይዘው ሚስማር፣ ብቻ ልምታው ወይስ ሲሊኮንም ልጨምርበት ብለሃል። እኔም እዚያው ደብረ ብርሃን በግቢዬ ጥግ አንድ ሠርቼ ስለነዳሁ፣ ያበላሸሁትን ጭምር ልንገርህ።

ሁለቱም ያስፈልጋል፤ ሲሊኮኑ ግን ሲሊኮን አይሁን። ያ ሲቀባ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው የመታጠቢያ ቤት ሲሊኮን አሲድ ይለቃል። ርካሽ ነው ብዬ ወለሉን በሙሉ በእሱ ዞርኩት። ክረምቱ አልፎ መስከረም ላይ አንዱን ጠርዝ ብገልጠው ቱቦላሬው ዝጓል፣ አሉሚኒየሙም ነጭ ዱቄት አውጥቷል። ሲሊኮን የነካው ቦታ ደግሞ ቀለም አይዝም፤ ቀለም ቀቢው ሦስት ጊዜ ቀብቶ ሦስቴም እየተበሳሳበት እኔን ረግሞ ሄደ። የምትፈልገው ፖሊዩሬታን የሚባለው፣ ደርቆም እንደ ጎማ የሚለጠጥ ማጣበቂያ ነው፣ እንደ ሲካፍሌክስ 221 ያለ።

ለምን ሁለቱም? አሉሚኒየም ከብረት ጋር በቀጥታ ተነካክቶ ውሃ ካገኘ የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው፤ በመሃል የሚለያያቸው ነገር ይፈልጋሉ። ከዚያ የአገራችን ነገር አለ። ጠዋት ውርጭ አራግፈህ ከደብረ ብርሃን ተነስተህ ቀትር ላይ ቆላው ሸዋ ሮቢት ብትገባ፣ ላሜራው ከጠዋቱ ቢያንስ በ30 ዲግሪ ይጨምራል። አንድ ሜትር አሉሚኒየም በ30 ዲግሪ 0.7 ሚሊ ያህል ይረዝማል፣ ብረቱ የዚያን ግማሽ። ሪቬት ብቻውን ከሆነ ያ ልዩነት ቀዳዳውን እያሰፋ ያንቀጫቅጨዋል፤ ፖሊዩሬታን ግን እንደ ጎማ እየተሳበ ይችለዋል።

አሁን ዋናው ነገር፣ ያልጠየቅኸው። ምንም ከመለጠፍህ በፊት የትኛው ላሜራ እንደሚነሳ ወስን። እኔ ከሲሊኮኑ ተምሬያለሁ ብዬ በሁለተኛው ዙር ሁሉንም በፖሊዩሬታን ጥርቅም አደረግሁት። ቮልስ ላይ የማርሽ ዘንጉ መጋጠሚያ የሚገኘው ከኋላ ወንበር ፊት፣ ወለሉ መሃል ከፍ ብሎ በሚሄደው ጀርባ ላይ ባለች ትንሽ ክዳን ስር ነው። እሷንም ደፈንኳት። ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር በጉም እየወጣሁ ሁለተኛ ማርሽ እምቢ አለ። ቤት ደርሼ 43 ሪቬት በትራፓኖ አፈረስኩ፤ ላሜራው ግን ሪቬቱ ሁሉ ወልቆ እንኳ ንቅንቅ አላለም። በቀጭን ሽቦ እየገዘገዝኩ ስጨርስ እንደ ተጨማደደ ቆርቆሮ ሆኖ ወጣ። ለአንዲት ያለቀች የመጋጠሚያ ጎማ!

ስለዚህ ያችን ክዳን፣ የባትሪውን ቦታ፣ ከፊት ከነዳጅ ታንኩ በላይ ያለውንና የፍሬን ዘይት ዕቃውን የሚሸፍነውን በብሎን እሰር። ስሩ የስፖንጅ ጎማ ብቻ፣ ማጣበቂያ የለም። ከጀርባ እጅ የማይገባበት ቦታ፣ እንደ ሪቬት ተጎትቶ የሚያዝ ውስጡ ጥርስ ያለው ዳዶ አለ፤ እሱን ፈልግ።

ለቋሚዎቹ፦ መጀመሪያ በካርቶን ቁረጥና ሞክር። ላሜራውን አስቀምጠህ ከመሃል ወደ ዳር ብሳ፤ ለ4.8 ሪቬት 4.9 ፑንታ፣ ከጠርዙ ቢያንስ 10 ሚሊ ገባ ብለህ፣ በየ5 ወይም 6 ሳንቲ ሜትሩ። 1 ሚሊ ላሜራ በ1.5 ቱቦላሬ ላይ ከሆነ 8 ሚሊ ርዝመት ይበቃል። በየአራተኛው ቀዳዳ በትንሽ ብሎን ይዘህ እይ፣ ከዚያ ሁሉንም ፍታ። አዎ፣ ፍታ። ሰው የሚሰንፈው እዚህ ላይ ነው። የቀዳዳውን ቁርጥራጭ በወፍራም ፑንታ በእጅህ አዙረህ ላጠው፤ ያ ስለት ካልተነሳ ላሜራው አይተኛም። ብረቱን ጸረ ዝገት ቀባ፣ ይድረቅ። ሁለቱንም ፊት በብርጭቆ ወረቀት ሻከር አድርገህ አቧራውን ጥረግ፣ አሉሚኒየሙን በአሴቶን፤ በቤንዚን አይደለም፣ ቅባት ይተዋል። የምትጠርግበት ጨርቅ ነጭ ይሁን፣ ጥቁር መያዙን እስኪያቆም ድረስ ጥረግ። ከዚያ ማጣበቂያውን ከሪቬቱ መስመር በሁለቱም በኩል ዘርግተህ ከመሃል ጀምረህ ምታ። ተራው ሪቬት መሃሉ ክፍት ስለሆነ ውሃ ያሳልፋል፤ በእያንዳንዱ ጭንቅላት ላይ ጠብታ አድርግ። ቱቦላሬው ውስጥ የወደቀው የሪቬት ጭራ ይንኳኳል፣ የእኔው እስካሁን በየኮረኮንቹ ይዘፍንልኛል።

ፖሊዩሬታን የሚደርቀው ከአየሩ እርጥበት ወስዶ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ አየሩ ደረቅም ብርድም ስለሆነ ይዘገያል፤ ሦስት አራት ቀን ታገስ። የማጣበቂያውን ቱቦ ማታ ቤት አሳድረው፤ ብርድ የመታው እንኳን ሊወጣ እጅህን ነው የሚሰብረው።

በአንተና በሞተሩ መካከል ያለውን ግድግዳ ግን በአሉሚኒየም አትሥራው፣ ብረት ላሜራ ይሁን። የቮልስ ሞተር ከኋላህ ነው፤ እዚያ የቀረች ቀዳዳ የጭስ ማውጫውን መርዝ ወደ አንተ ታመጣለች። ሽቦና ኬብል የሚያልፉበትን በጎማ ቀለበት ድፈን፣ ለጭስ ማውጫው ቅርብ የሆነውን በሙቀት ቻይ ማሸጊያ። ማታ ጨለማ ውስጥ ገብተህ ተቀመጥና ሌላ ሰው በሞተሩ በኩል የእጅ ባትሪ ያብራ፤ ብርሃን ያየህበት ሁሉ ቀዳዳ ነው።

ወለሉ ላይ ደግሞ ዝቅ ያለው ቦታ ሁሉ 8 ሚሊ ቀዳዳ ይኑረው። ምንም ብትደፍን የሐምሌ ውሃ ከላይ ይገባል፣ መውጫ ስጠው። ፎቶ ላክልን፣ በተለይ የፊቱን ጥግ፤ እዚያ እንዴት እንዳጠፍከው ማየት እፈልጋለሁ።