ቦሮው እና ሌንድ፦ ማሽን ያስቀረብን ቃል

«የእንግሊዝኛዎቹ ቦሮው እና ሌንድ ልዩነታቸው ምንድን ነው? ዲክሽነሪው ሁለቱንም ከብድር ጋር ያያይዘዋል» ብለሽ የጠየቅሽው እህቴ፣ ዲክሽነሪውን ተዪው። ፕሮፖዛል እየጻፍሽ መሆን አለበት፤ ያለዚያ በእኩለ ሌሊት ይህን የሚጠይቅ የለም። እኔ በዚህ ቃል ጉድ የሆንኩ ሰው ነኝና ስሚኝ።

1. ቦሮው የተቀባይ ነው፣ ሌንድ የሰጪ። እኛን የሚያሳስተን አማርኛችን ነው። ተበደረ፣ አበደረ። ተዋሰ፣ አዋሰ። ግሡ ያው ነው፣ «ተ»ን በ«አ» ስንቀይር ተቀባዩ ሰጪ ይሆናል። እንግሊዝኛው ግን ሁለት የማይገናኙ ቃላት አሉት። ደግሞ እኛ ገንዘብና እህል እንበደራለን፣ መጥረቢያና ድስት እንዋሳለን። እነሱ ለሁሉም ቦሮው ነው የሚሉት።

2. ከማን እንደተዋስሽ ስትናገሪ ቦሮው ፍሮም፣ ለማን እንዳዋስሽ ስትናገሪ ሌንድ ቱ። ይቺን ያኔ ባውቅ!

እኛ መሐል ሜዳ ባናና በርኖስ የምንሠራ ማኅበር ነን። ሴቶቹ ይፈትላሉ፣ ወንዶቹ እንሸምናለን። የመንዝ በግ ጠጉር ሞልቶናል፤ ያጣነው መፍተያ ማሽን ነበር። በዓመት አንድ ወር ከሌላ ማኅበር እየተዋስን እንሠራ ነበር። አንድ ድርጅት ማሽን ለሌላቸው ሊሰጥ ነው ሲባል ፎርሙን እኔ ሞላሁ። 12ኛ ክፍል የጨረስኩት እኔ ነኛ! «ኤቭሪ ይር ዊ ሌንድ ኤ ስፒኒንግ ማሽን ፎር ዋን መንዝ» ብዬ ጻፍኩ። (መንዟ ወር ናት፣ የኛዋ መንዝ አይደለችም።) በየዓመቱ ለአንድ ወር እንዋሳለን ማለቴ ነበር። ለአንባቢው ግን እናውሳለን ሆነ።

ውጤት ልጠይቅ ደብረ ብርሃን ወረድኩ። በዚያ ብርድ ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት በረንዳ ላይ አቆሙኝ። በመጨረሻ አንድ ጎረምሳ ቀና እንኳ ሳይል «ለሰው የምታውሱት ማሽን እያላችሁ ሌላ ምን ያደርግላችኋል?» አለኝ። ተሳስቼ ነው ብዬ ብነግረው «እኛ የምናየው የተጻፈውን ነው» ብሎ ወረቀቱን መለሰልኝ። አንዴ ቢደውል ምን ነበረበት? ደብረ ብርሃን ተቀምጦ የመንዝን ሸማኔ በእንግሊዝኛ ፎርም ማስሞላት ምን የሚሉት ነገር እንደሆነ ዛሬም አልገባኝም።

በማግሥቱ ዓመት ደግሜ ሞላሁ። ቦሮው፣ ፍሮም፣ ሁሉም በቦታው። ማሽኑ አሁን ግቢያችን ውስጥ ነው። ስንረከብ ፈርሚ የተባለችው እናቴ «ይቺ ናት ያንከራተተችህ?» አለችኝ።

3. የሌንድ ያለፈው ጊዜ ሌንት ነው። ስልኬ ላይ ባስተረጉመው ዐቢይ ጾም አለኝ፤ በትልቅ ፊደል ሲጀምር ለካ የጾሙ ስም ነው። አንቺ በትንሹ ጻፊው። ኪራይ ከከፈልሽ ደግሞ ሁለቱንም ተዪና ሬንት በይ። እሱ ለአከራይም ለተከራይም ስለሚያገለግል ሌላ ጣጣ አለው፣ ዛሬ አልገባበትም።

የሞላሽውን እዚሁ ለጥፊው፣ አየዋለሁ። የምገባው ግን ማታ ከሥራ በኋላ ነው።