መጽሐፉን ከድናችሁ አጥኑ

ውድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች፣

ከሁሉም ክፍል የእናንተን የመረጥሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ብዙዎቻችሁ እስከ ስድስተኛ ወይም እስከ ስምንተኛ ክፍል ሳይንሱንም ሒሳቡንም በአፍ መፍቻ ቋንቋችሁ ስትማሩ ቆይታችኋል። ዘጠነኛ ላይ ግን ባዮሎጂው፣ ፊዚክሱ፣ ታሪኩም ሳይቀር በእንግሊዝኛ ሆኖ ይጠብቃችኋል። ያልገባውን ነገር በደንብ በማያውቀው ቋንቋ እንዲመልስ የተጠየቀ ልጅ አንድ መንገድ ብቻ የቀረው ይመስለዋል፤ መሸምደድ። ሽምደዳው ለክፍል ፈተና ይበቃል፣ ማርክም ያስገኛል። የሚያሰጋኝም ይኸው ነው፤ ለጊዜው ይሠራል።

ዕዳው የሚመጣው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ሲሰጥ፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመትም 3.2 በመቶ ሆነ። የመጽሐፍ እጥረቱ፣ የክፍሉ መጨናነቅ፣ በየቦታው የነበረው ጦርነት፣ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ጥፋቱን በተማሪዎች ላይ የሚደፈድፍ ሰው ፍርደ ገምድል ነው። ነገር ግን ከምክንያቶቹ መካከል በእናንተ እጅ ያለው የአጠናን ልማዳችሁ ስለሆነ ስለ እርሱ እንነጋገር።

በሙያዬ ሐኪም ነኝ፤ የሕክምና ተማሪዎችንም ለረጅም ዓመታት አስተምሬያለሁ። ወደ እኛ የሚመጡት ከየትምህርት ቤታቸው አንደኛ ሲወጡ የኖሩ ልጆች ናቸው። ከእነርሱ አንዱን “ኦስሞሲስ ምንድን ነው?” ብላችሁ ብትጠይቁት ትርጓሜውን፣ ውሃ በስስ ሽፋን አልፎ እንደ ጨው ያለ የሟሟ ነገር ወደበዛበት ወገን መስረጉ መሆኑን፣ አንድ ቃል ሳያዛንፍ ይነግራችኋል። “እንግዲያው በደም ሥር የምንሰጠው ፈሳሽ ለምን ንጹሕ ውሃ ብቻ አይሆንም? 0.9 በመቶ ጨው የሚጨመርበት ለምንድን ነው?” ስትሉት ግን ዝም የሚለው ይበዛል። መልሱ ያው የዘጠነኛ ክፍል ትምህርት ነው። ንጹሕ ውሃ በቀጥታ ደም ሥር ውስጥ ቢገባ ወደ ቀይ የደም ሴሎች ይሰርጋል፤ ሴሎቹ ያብጣሉ፣ ይፈነዳሉም። ልጁ ይህን ማሰብ ያቃተው ሰነፍ ሆኖ አይደለም። ሲያነብ ኖረ እንጂ መጽሐፉን ከድኖ ራሱን ጠይቆ አያውቅም።

የብዙው ተማሪ አጠናን እንዲህ ነው፤ ደብተሩን ይገልጣል፣ ያነባል፣ ያሰምርበታል፣ እንደገና ያነባል። በሦስተኛው ንባብ ዐይኑ ገጹን ስለለመደው ያወቀው ይመስለዋል። ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒክ የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2006 ያወጡት ጥናት ይህን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ለተማሪዎች አጭር ጽሑፍ ሰጡ። አንዱ ቡድን ጽሑፉን ደጋግሞ አነበበ፤ ሌላው በመጀመሪያው ዙር ብቻ አንብቦ በቀሩት ዙሮች ጽሑፉን ሳያይ የሚያስታውሰውን ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ በተሰጠው ፈተና ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን እነርሱ ያስታወሱት 40 በመቶ ያህሉን ሲሆን፣ ራሳቸውን የፈተኑት 61 በመቶ ያህሉን አስታወሱ። ከሁሉም የሚደንቀኝ፣ በኋላ በደንብ እናስታውሳለን ብለው ይበልጥ የተማመኑት ደጋግመው ያነበቡት መሆናቸው ነው።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ሞክሩት። የቀኑን የባዮሎጂ ማስታወሻ ረጋ ብላችሁ አንድ ጊዜ አንብቡና ደብተሩን ክደኑት። ባዶ ወረቀት አውጥታችሁ የያዛችሁትን ጻፉ፤ መጀመሪያ ለታናሽ እህታችሁ በምታስረዱበት ቋንቋ። “ቲማቲም ሰላጣ ላይ ጨው ነስንሰን ጥቂት ብናቆየው ሳህኑ ሥር ውሃ ያቁራል፤ ውሃው ከቲማቲሙ ወጥቶ ጨው ወደበዛበት ስለሄደ ነው” ብሎ የጻፈ ልጅ ኦስሞሲስ ገብቶታል። እንግሊዝኛው ከዚያ ይከተል፤ ቁልፍ የሆኑትን ሦስት አራት ቃላት ከነፊደላቸው ጻፉ፣ ቀጥሎም አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር በራሳችሁ እንግሊዝኛ፣ ሰዋስዉ ቢንሻፈፍም እንኳ። በአፍ መፍቻ ቋንቋ እያሰቡ ማጥናት እንግሊዝኛን ያዳክማል የሚሉ አሉ፤ እኔ በፍጹም አልስማማም። የገባው ሰው ቃሉን ይማራል፤ ቃሉን ብቻ የያዘ ሰው ግን ፈታኙ ጥያቄውን ትንሽ ሲያዞርበት ይጠፋበታል።

ጽፋችሁ ስትጨርሱ ደብተሩን ክፈቱና የጎደለውን በሌላ ቀለም እስክሪብቶ ሙሉ። ነገ የምትጀምሩት በዚያ ቀለም ከተጻፈው ነው። መጀመሪያ ሰሞን ያታክታል፤ ግማሽ ገጽ እንኳ አይሞላላችሁም። አትደንግጡ፣ ወደ ማንበቡም አትመለሱ።

ስንት ሰዓት ላጥና የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይቀርብልኛል። እኔ ግን መቼ መቼ ልመለስበት ብትሉ እመርጣለሁ። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሄርማን ኤቢንግሃውስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1885 ባሳተመው ሥራው፣ ትርጉም የሌላቸውን ክፍለ ቃላት ራሱ እያጠና መርሳቱን ለክቷል። ብዙው የሚጠፋው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ነው፤ ከዚያ መርሳቱ እየቀነሰ ይሄዳል። ሰኞ የተማራችሁትን ማክሰኞ ለጥቂት ደቂቃ፣ ዓርብ እንደገና፣ በቀጣዩ ሳምንት አንዴ ራሳችሁን ብትጠይቁበት፣ ፈተና ሲደርስ ሌሊቱን ሙሉ አፍጥጣችሁ አታድሩም። በእናንተ ዕድሜ ያለ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል፤ የተማራችሁት በአእምሮ ውስጥ የሚደላደለውም በእንቅልፍ ነው። ለማንቂያ ብሎ ጫት ያቀረበላችሁን ጓደኛ፣ ጓደኛችሁ ቢሆንም እንቢ በሉት።

ወላጆችም ካነበባችሁት አንድ ነገር ልለምናችሁ። ሴት ልጃችሁ ዕቃ አጥባ፣ ወጥ ሠርታ፣ ቡና አፍልታ ስትጨርስ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ይሆንና እንቅልፍ እያዳፋት ታጠናለች፤ ወንድሟ በዚያ ሰዓት አጥንቶ ጨርሷል። ከመምሸቱ በፊት ማንም የማይልካት፣ ማንም የማይጠራት አንድ ሰዓት ስጧት። ሥራውን ወንድሟ ይካፈላት።

በሒሳብና በፊዚክስ መጽሐፍ መክደን ማለት የተፈታውን ምሳሌ በወረቀት ሸፍኖ ራስ መፍታት ነው። በቴሌግራም የሚዞረውን መልስ ማየትም ያው ማንበብ ነው። የታረመ የፈተና ወረቀታችሁን አትጣሉ። 10 − (4 − 1) ስንት ነው ሲባል 5 ብሎ የጻፈ ልጅ ሒሳብ አይችልም ማለት አይደለም፤ ቅንፉን ሲፈታ የመቀነስ ምልክቱን ለ1 ማድረስ ረስቶ ነው፣ መልሱ 7 ነው። እንዲህ ያለውን ስህተት ከነምክንያቱ በአንድ ትንሽ ደብተር ላይ አስፍሩና ከሳምንት በኋላ መልሱን ሸፍናችሁ እንደገና ሥሩት። የአንድ ሰው ስህተት ዓይነቱ ብዙ አይደለም፤ ያው ሦስቱ አራቱ ናቸው እየተመላለሱ ማርክ የሚያስጥሉት።

አሁንም ያልገባችሁን ይዛችሁ ወደ መምህራችሁ ሂዱ። “ምዕራፉ አልገባኝም” ብትሉት ያ ሁሉ ተማሪ ያለበት መምህር ከየት ይጀምርላችኋል? “እስከዚህ መስመር ፈትቻለሁ፤ እዚህ ጋ ምልክቱ ለምን እንደተቀየረ ግን አልገባኝም” ብላችሁ ወረቀቱን ብትዘረጉለት በረንዳ ላይ እንደቆመ ያቃናላችኋል። መምህሩን ካፈራችሁት አሥረኛ ክፍል ያለ የሰፈራችሁን ልጅ ጠይቁ፤ እርሱም አምና የተማረውን ይከልስበታል።