ሞትን መፍራት የእምነት ማነስ ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ድሬዳዋ ሳቢያን የምኖር ባለትዳርና የልጆች እናት ነኝ። የአሜሪካዊውን ደራሲ የዶን ዴሊሎን «ዋይት ኖይዝ» አነበብኩ። ቤተሰቡ ሱፐርማርኬት ሲመላለስ፣ ቴሌቪዥን ሲያይ ይኖራል፤ ባልና ሚስቱ ግን ሞትን በጣም ይፈራሉ። ካነበብኩት ወዲህ እንቅልፍ አጣሁ። ለባለቤቴም አልነገርኩትም። እንዲህ ያለ ልብ ወለድ ማንበብ ኃጢአት ነው? ሞትን መፍራትስ?

መልስ፦ እኅቴ፣ ማንበብሽ ኃጢአት አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስም አቴና ላይ የግሪክ ባለቅኔዎችን ቃል ጠቅሶ አስተምሯል (ሐዋ. 17፥28)። ጸሎትሽን ካስታጎለሽ ግን ለጊዜው አስቀምጪው።

የከበደኝ ሁለተኛው ጥያቄሽ ነው። በዚህ በ1985 እ.ኤ.አ. በወጣ መጽሐፍ ሚስትየዋ የሞትን ፍርሃት ያጠፋል የተባለ ኪኒን ከባሏ ተደብቃ ትወስዳለች። እሱን ለማግኘት ብላ ከሌላ ወንድ ጋር እስከ መተኛት ደርሳለች። ባልየውም ለካ የራሱን ፍርሃት ደብቆባት ኖሯል። አንድ አልጋ ላይ ተኝተው ለየብቻ ይፈራሉ! እኔን ከሞቱ ይልቅ ያሳዘነኝ ይሄ ነው። አንድ ቀን ደግሞ ባልየው አንድ ባልደረባው ስለ እርጅናው ሲናገረው ሆድ ይብሰዋል። ቤተሰቡን ይዞ ገበያ ወጥቶ ዕቃ በዕቃ ይሆናል። ማታ ግን ሁሉም ዝም ብለው ተመልሰው በየክፍላቸው ይገባሉ። እዚያው ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ሄዶ ለቤት መሸመት ነውር የለውም፤ ሆድ ሲብስ ሁሉ መሸመት ግን ፍርሃቱን አያወጣውም።

አንቺም ለባለቤትሽ አልነገርሽውም።

መፍራትሽን የእምነት ማነስ ነው ብዬ አልፈርድብሽም። ጌታችን በጌቴሴማኒ ምን እንዳለ አስቢ፦ «ነፍሴ እስከ ሞት ድረስ እጅግ አዘነች፤ በዚህ ቆዩ ከእኔም ጋር ትጉ» (ማቴ. 26፥38)። ጭንቀቱን ከደቀ መዛሙርቱ አልሸሸገም። አብረውት እንዲተጉ ለመናቸው እንጂ። እሱ እንዲህ ካደረገ እኛ ለትዳር አጋራችን «ፈራሁ» ማለት ለምን ያሳፍረናል?

ዛሬ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ንገሪው። ምናልባት እሱም የሚነግርሽ ይኖረዋል። ከዚያ አብራችሁ የንስሐ አባታችሁ ዘንድ ሂዱ። እንቅልፍ ማጣቱ ከቀጠለ ሐኪም ማየትም አለብሽ፤ ጸሎትና ሕክምና አይጣሉም። ከመኝታ በፊት መዝሙር 90ን፣ «በልዑል መጠጊያ የሚኖር» የሚለውን፣ እየተቀባበላችሁ አንብቡ። «ከሌሊት ግርማ» የሚለው እዚያው ውስጥ ነው። እዚያ ጋ ስትደርሱ ቀስ በሉ።