የትራክተሩ ማረሻ ምን ያህል ይግባ?

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ በሆለታ አቅራቢያ የምኖር ገበሬ ነኝ። አንዱ ማሳዬ ተዳፋት ላይ ያለ ቀይ አፈር ነው፤ ሌላው ከሥሩ ሜዳው ላይ የተኛ ዋልካ፣ ማለትም የሚያጣብቅ ጥቁር አፈር ነው። የቀዩ ማሳ ምርት ከዓመት ዓመት እየቀነሰ ሄዷል፤ ዝናብ ሲጥልም ውሃው ሳይሰርግ አፈሩን ይዞ ይወርዳል። ትራክተር የሚያከራይ ሰው «በሬ የሚያርሰው ላይ ላዩን ነው፤ 30 ሳንቲ ሜትር አድርጌ ብገለብጥልህ አዲስ አፈር ይወጣልሃል» አለኝ። ሁለቱንም ማሳ ባሳርስ ይበጀኛል?

መልስ፦ ከአከራዩ ንግግር ግማሹ እውነት ነው። በበሬ የሚሳበው ማረሻ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይገባል፤ የጤፍ ማሳ ደግሞ ከገመሳ (ከመጀመሪያው እርሻ) ጀምሮ ሦስት፣ አራት፣ አንዳንዴም አምስት ጊዜ ስለሚታረስና ማረሻው በየዓመቱ እዚያው ጥልቀት ላይ ስለሚመላለስ፣ ከታረሰው አፈር በታች ውሃም ሥርም በቀላሉ የማያልፈው ጠጣር ንብርብር ይፈጠራል። የዝናቡ ውሃ አልሰርግ ያለበት ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል። ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ግን ሰብሉ ሳይታጨድ ከማሳው ሦስት አራት ቦታ ላይ በዶማ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ቆፍረው የሥሩን አካሄድ ይመልከቱ። ሥሮቹ በሁሉም ጉድጓድ አንድ ጥልቀት ላይ ሲደርሱ ወደ ጎን ከታጠፉ ንብርብሩ አለ ማለት ነው፤ ቀጥ ብለው ከወረዱ ግን ጥልቅ እርሻ የሚጨምርልዎ ነገር የለም፤ የምርቱን መቀነስ ምክንያት ሌላ ቦታ መፈለግ ይኖርብዎታል።

«አዲስ አፈር ይወጣል» የሚለውን ግን በፍጹም አልቀበለውም። ለሰብልዎ ምግብ የሚሆነው የበሰበሰ ነገር ያለው በአብዛኛው ከላይ ባለው አንድ ስንዝር ውስጥ ነው፤ ሲገለበጥ እርሱ ይቀበርና ደካማው የታችኛው አፈር ዘሩን ይቀበላል። በሆለታ ዙሪያ ያለው ቀይ አፈር በብዛት አሲዳማ መሆኑ ደግሞ ጉዳቱን ያከፋዋል፤ አሲድነቱ ሲበረታ አሉሚኒየም የሥሩን ጫፍ ይጎዳል፣ በማዳበሪያ የጨመሩት ፎስፈረስም ከብረትና ከአሉሚኒየም ጋር ተጣብቆ ለሰብሉ ሳይደርስ ይቀራል። አሲድነቱን ለመቀነስ ማሳው ላይ የግብርና ኖራ ጨምረው ከሆነ ደግሞ መጠኑ የሚሰላው ብዙውን ጊዜ ለ15 ሳንቲ ሜትር አፈር ስለሆነ፣ እስከ 30 ሲገለበጥና ሲደባለቅ ያው ኖራ እጥፍ ለሆነ አፈር ይከፋፈልና ኃይሉ ይደክማል።

ጠጣሩን ንብርብር ካገኙ የሚሻለው፣ አፈሩን ሳይገለብጥ እንደ ጥፍር ቀጥ ብሎ ገብቶ የሚሰነጥቀውን የትራክተር መሣሪያ መከራየት ነው። ጫፉ ከንብርብሩ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ይግባ፤ ከዚያ በላይ መውረዱ ነዳጅ ከማባከን አያልፍም። ሥራው የሚሰምረው መከሩ ከተሰበሰበ በኋላ፣ በታኅሣሥና በጥር፣ ከታች ያለው አፈር ሲደርቅ ነው፤ እርጥብ አፈር አይሰነጠቅም፣ ይለወሳል፣ የትራክተሩ ጎማም ይበልጥ ይጠቀጥቀዋል። ተዳፋት ላይ ስለሆኑም መስመሩ ሁልጊዜ ቁልቁለቱን አቋርጦ ይሂድ፤ ከላይ ወደ ታች ከታረሰ እያንዳንዱ መስመር የጎርፍ መንገድ ይሆናል።

የተከፈተው አፈር ግን ካልተመገበ በጥቂት ዓመታት ውስጥ መልሶ ይደድራል። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝም ይህ ነው፤ በአዲስ አበባ ዙሪያ ያለ መሬት ፍጉ ኩበት ሆኖ፣ ጭዱ ለከብት መኖና ለጭቃ ቤት ተጭኖ ወደ ከተማ ይሄድበታል፤ ለራሱ የሚተርፈው ምንም አይደለም። ገንዘቡ እንደሚያስፈልግ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ከፍጉ ከፊሉን ለኮምፖስት፣ ከገለባውም ጥቂቱን ለማሳው ቢያስቀሩለት፣ ከአንድ ቀን የትራክተር ኪራይ የበለጠ ይጠቅምዎታል ብዬ አምናለሁ። ከስንዴው ቀጥሎ ባቄላ መዝራትም አፈሩን ያግዘዋል። የአሲድነቱን መጠን ለማወቅ በሆለታ የግብርና ምርምር ማዕከል የአፈር ላቦራቶሪ ስላለ፣ ናሙና አስመርምሮ ማዕከሉን ወይም የወረዳውን የግብርና ባለሙያ ማማከር ይቻላል።

ዋልካውን በጥልቀት ማሳረሱን ይተዉት። ይህ አፈር በበጋ በጥልቀት ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል፤ ስለዚህ ራሱን በራሱ ያላላል። ችግሩ ውሃ መቋጠሩ ነው፤ ገበሬው ሽምብራና ጓያን ክረምቱ ሲወጣ በተረፈው እርጥበት የሚዘራውም ለዚህ ነው። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መቀመጫው አዲስ አበባ የነበረው ዓለም አቀፉ የአፍሪካ እንስሳት ሀብት ማዕከል ከአጋሮቹ ጋር ሁለት ማረሻዎችን አጣምሮ ሰፊ መደብና ቦይ የሚያወጣ የበሬ መሣሪያ ሠርቶ ነበር፤ ዓላማው ትርፉን ውሃ በቦዩ አውጥቶ ስንዴን ቀደም ብሎ ለመዝራት ነው። እርስዎም በሰኔ መደብ አውጥተው መሞከር ይችላሉ፤ ሆኖም ቦዩ የሚጨርስበትን ቦታ ከታች ካሉት ጎረቤቶችዎ ጋር አስቀድመው ይስማሙ፤ አለዚያ ከእርስዎ ማሳ የወጣው ውሃ በእነርሱ ቡቃያ ላይ ይተኛል።